የሟቹ ጣት በክፍል አርባ

በየማክሰኞው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቀይ አንሶላ ይሰጣል። አንሶላው የማንም አይደለም። ተኝቶበት የሚያውቅ ሰው የለም፤ ቆሽሾም አያውቅም። የአራተኛ ፎቅ ነዋሪዎች በየተራ ነክረው ያሰጡታል፣ ነፋስ ከሌለ ደግሞ አንዱ ከጀርባው ቁጭ ብሎ በመጥረጊያ እንጨት ያወዛውዘዋል። «ተንሳፋፊው ብሎክ» በተባለው ተከታታይ ድራማ መክፈቻ ላይ ቀይ አንሶላ ስለሚወዛወዝ ነው።

የምኖረው እዚያው ድራማው የተቀረጸበት ብሎክ ስልሳ አንድ ውስጥ ነው። በሁለት ሺህ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት ጥቂት ወጣቶች አንድ ካሜራ ይዘው ወደዚህ ኮንዶሚኒየም መጡና፣ ሕንፃው አንድ ቀን ከመሬት ተነቅሎ ወደ ሰማይ ቢሄድ ነዋሪዎቹ ምን ይሆናሉ የሚል ታሪክ ሠሩ። እንደ ድራማው ከሆነ ነዋሪዎቹ ምንም አልሆኑም። ከኮከብ ወደ ኮከብ እየተንሳፈፉ ስለ ውሃ ፈረቃ ይጨቃጨቃሉ፤ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢም ሕንፃውን ከሰባተኛ ፎቅ ሆኖ ይነዳል። ወጣቶቹ ስልሳ ክፍል ሠርተው መሀል ላይ አቆሙ። በድራማው ውስጥ ያለው ዘመን ሁለት ሺህ ሰባ ስምንት ነው፤ ዘንድሮ ማለት ነው።

ሰው ድራማ አይቶ፣ ትንሽ ተከራክሮ፣ ይተኛል ተብሎ ነበር የሚታሰበው። የኛዎቹ አድናቂዎች ግን አልተኙም። አየር በሌለበት ሰማይ አንሶላው በምን ይወዛወዛል ብለው ተከራከሩ። ሰብሳቢው በክፍል ሰባት ግራ እጁ ላይ የነበረች ሰዓት በክፍል ስምንት ቀኝ እጁ ላይ ምን ትሠራለች ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ማኅበር ወለደ፣ ማኅበሩ ጉባኤ ወለደ፣ ጉባኤው ማኅተምና ጸሐፊ ያለው ቢሮ ሆነ። ከተማዋ በየአሥር ዓመቱ ራሷን እያፈረሰች ስትሠራ ከድሮዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ሳይፈርስ የቀረው የኛ ብቻ ነው፤ ያስቀሩትም እነሱ ናቸው። ምስጋና ይገባቸዋል። እኛም በየማክሰኞው በአንሶላ እናመሰግናቸዋለን።

ቢሮው የወጥነት ጉባኤ ይባላል። የመጀመሪያ ደንቡ በድራማው ውስጥ ስህተት የለም፣ ገና ያልተፈታ ነገር ብቻ አለ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ በብሎኩ ደረጃ ላይ በድራማው ያልታየ ድርጊት አይፈጸምም ይላል። በስልሳው ክፍል ሰዎች ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። እኛም እንወጣለን፣ እንወርዳለን፣ እንሰዳደባለን፤ ባቄላውን ጉባኤው ያቀርባል። ኳስ ግን በድራማው የለም። ሁለተኛ ፎቅ የነበሩ ባልና ሚስት ልጃቸው ሦስት ጊዜ ኳስ አንከባለለባቸውና ከከተማ ውጭ ሌላ ቤት ተሰጣቸው። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ መሸኛ ነው።

አባቴ አቶ አቤኔዘር ሙላቱ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው፤ እኔም ከሱ ጋር። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። እድሜውን ሙሉ የገበያ ሚዛን መርማሪ ነበር፤ በየበርበሬ ተራውና በየሥጋ ቤቱ እየዞረ የተንጋደደ ሚዛን ሲያቀና ኖሯል። እኔን ደብሪቱ ብሎ ያወጣልኝ የጥንት ስሞች ፋሽን በሆኑበት ዘመን ስለተወለድኩ ነው፤ በኔ እድሜ ያለ ሰው ሁሉ የአያት ስም ነው ያለው፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ አቤኔዘርና ያብስራ ናቸው።

ኩላሊቱ ከከዳው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ማክሰኞና ዓርብ ለእጥበት ሆስፒታል መሄድ አለበት። መስከረም ላይ ጉልበቱም ኩላሊቱን ተከተለና ደረጃ መውረድ አቃተው። ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ አንድ ቀን ቢያመልጠው ይታመማል፣ ሁለት ቢያመልጠው ሦስተኛውን አትጠብቂ አለኝ። ድራማውን ብለው የሚመጡ ጎብኚዎች ሳይደርሱ ማልጄ በጀርባዬ አዝዬው መውረድ ጀመርኩ። በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፣ በጥቅምት መጨረሻ ሁለተኛው። ሰው አዝሎ ደረጃ መውረድ በስልሳው ክፍል አልታየም። ሦስተኛው ቢመጣ የሚሰጡን ቤት እጥበት ከሚገኝበት ሆስፒታል የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ስለዚህ ሊፍት ይተከልልን ብዬ አመለከትኩ። ብሎካችን ሲሠራ ጀምሮ የሊፍት ጉድጓድ አለው፤ ሊፍት ግን ገብቶበት አያውቅም። ድራማውን የሠሩት ልጆች ጣውላ ብርማ ቀለም ቀብተው ጉድጓዱን ከደኑት፤ ሰብሳቢው ታች ላይ ከጣውላው ኋላ ይሰወርና ሰባተኛ ፎቅ ላይ ብቅ ይላል። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። «አሳንሰሩ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ሁለት ክፍሎች ሲሠራ ታይቷል። ያለ ነገር እንዲተከል ማመልከት አይቻልም» ይላል፤ ማኅተምም አለው።

የጉባኤውን ሰብሳቢ ይዤ ጣውላው ፊት ለፊት አቆምኳት። ዶክተር አመለወርቅ ትባላለች። ዶክትሬቷን የሠራችው በሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነው፤ ከክፍል ሃያ አንድ በፊት ስላለው ብዙ አልናገርም፣ ሙያዬ አይደለም ትላለች። ትሑት ናት።

«ዶክተር፣ ይኼ ጣውላ ነው» አልኳት፣ እያንኳኳሁ።

«ላንቺ ጣውላ ነው» አለች።

«ከኋላው ጉድጓድ ነው ያለው። ድመት ገብታ ሞታበት ሳምንት ሙሉ ሸቶናል።»

«ድመቷ በየትኛው ክፍል ላይ ናት?»

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ስልሳውን ክፍል ማየት ጀመርኩ። እንደነሱ ካልተከራከርኩ እንደማይሰሙኝ ገባኝ። ክፍል ሃያ ሦስት ላይ የፈለግሁትን አገኘሁ፤ ሰብሳቢው ሰባተኛ ፎቅ ሲደርስ ያለከልካል። ሊፍት ያለው ሰው ለምን ያለከልካል ብዬ በጉባኤው የክርክር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ።

ዘጠኝ ቀን ተከራከርን። አንዱ ወገን ሰብሳቢው አስም አለበት አለ፤ ማስረጃቸው ክፍል አራት ላይ አንድ ጊዜ ማስነጠሱ ነው። ሌላው ወገን ሕንፃው ወደ ትልቅ ኮከብ ስለተጠጋ ስበቱ የሰውን ደረት ይጫናል አለ፤ ስሌትም አቀረቡ። እኔ ሊፍቱ ተበላሽቶ ነው አልኩ። አንዱ ተነስቶ ሴትየዋ ነዋሪ ናት፣ ከብሎኩ ጋር የጥቅም ግንኙነት አላት ብሎ እንድወጣ ጠየቀ። እንዲህ ሆኖ ግን አሸነፍኩ። ውሳኔው «በክፍል ሃያ ሦስት አሳንሰሩ መበላሸቱ ተረጋግጧል» ይላል። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። ቀጣዩ መስመር «ሲጠገን ግን በየትኛውም ክፍል አልታየም፤ እንደተበላሸ ይቆያል» ይላል። በማግስቱ ሁለት ሠራተኞች መጥተው ጣውላው ላይ «ተበላሽቷል» የሚል ቆርቆሮ ቸነከሩ። የሌለን ሊፍት አሁን ተበላሸ።

ያ ቀን ማክሰኞ ነበር፤ እስከዚያ በሌሊት ተደብቄ አወርደው ነበር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጉባኤው ደረጃው ላይ ጠባቂ አቆመና አባዬ እጥበቱ አመለጠው። ዓርብ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ፊቱ አብጧል፣ እግሩ አብጧል። እኔ ቀሪዎቹ ክፍሎች ላይ ነበርኩ፤ ክፍል አርባን ከፍቼ አይ ነበር። በዚያ ክፍል አቶ ቢረሳው የተባለ የሰባተኛ ፎቅ ነዋሪ ይሞታል፤ ስምንት እድርተኞች በቃሬዛ ያወርዱታል። ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ የሟቹ ቀኝ እጅ ከጋቢው ሾልኮ ይወጣና ሌባ ጣቱ ሁለቴ ትንቀሳቀሳለች። አንድ ሰከንድ ተኩል። በዚህች ሰከንድ ተኩል አርባ ስምንት ዓመት ተከራክረዋል። ሕያው ነው የሚሉ አሉ፣ ሞቷል ግን በሰማይ ላይ ሙት ይንቀሳቀሳል የሚሉ አሉ። ትዳር ፈርሶበታል። የጉባኤው ምርጫም ሁልጊዜ በሷ ነው የሚካሄደው።

አባዬ አልጋው ላይ ሆኖ ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?»

«ያ እኮ እኔ ነኝ» አለ።

ስክሪኑን አቆምኩት። ሟቹ ፊቱ ነጭ ነው፣ ቀጭን ነው፣ አፍንጫው የአባዬ ነው።

«አክስቴን ልጠይቅ መጥቼ ነበር» አለ። «የሚሞተው ተዋናይ ቀረባቸው። ቀጭን ሰው ሲፈልጉ እኔ በዚያ አልፍ ነበር። ፓስታ አበሉኝና ሙት አሉኝ፤ ሞትኩላቸው። የሞተ እንድመስል ፊቴንም እጄንም የስንዴ ዱቄት ቀቡኝ።»

«ጣትህስ?»

«ዱቄቱ መዳፌን አሳከከኝ። አከክኩ።»

«ለምን እስከዛሬ አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ወዲያው ለጉባኤው ጻፍኩ። የክፍል አርባ ሟች በሕይወት አለ፣ ይመሰክራል፣ ደረጃ ግን መውረድ አይችልም አልኩ። ለሐሙስ ከሰዓት ቀጠሮ ተያዘ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞርኩ። የማደርገውን አውቃለሁ ብዬ ነበር። ሕያው ነው የሚለው ወገን ዘንድሮ ጉባኤውን ይዞታል፤ ዶክተር አመለወርቅም ከነሱ ናት። ደስ የሚላቸውን ከሰሙ የሚከለክሉን ነገር አይኖርም።

«ዳይሬክተሩ ሕያው ነህ ብሎኛል በል» አልኩት።

«ዳይሬክተሩ ምሳ እየበላ ነበር።»

«አባዬ፣ አንድ ቃል ናት።»

«ስንቱ በርበሬ ነጋዴ አንዲት ግራም ናት ብሎኛል መሰለሽ?» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ተናደድኩበት። እሱ ሊሞት ሦስት ቀን ቀርቶት ሚዛኑን ያስተካክላል፤ ብቻዬን የምቀረው እኔ ነኝ። ይህንንም ነገርኩት።

ሐሙስ ጉባኤው ሰባት ፎቅ ወጣ። አንዱ አባል አምስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ዶክተር አመለወርቅ በራችን ላይ ስትደርስ መናገር አልቻለችም፤ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

«አስም ነው ወይስ ስበት?» ብዬ ጠየቅኋት። ውሃ ስጪኝ አለች።

ምስክርነቱ አጭር ነበር። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ያብስራም ጎረቤት ነውና በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። ዶክተር አመለወርቅ ድምፅዋ ሲመለስ፣ በሙሉ አክብሮት፣ ጣትዎን ሲያንቀሳቅሱ ምን ለማለት ፈልገው ነበር አለችው።

«አሳከከኝ» አለ አባዬ።

«ገብቶኛል። ግን ማሳከኩ ምንን ይወክላል?»

«ዱቄትን።»

ጸሐፊዋ ጻፈች፣ ከዚያ ሰረዘች። ወደ ማድ ቤታችን ገብተው ተማከሩ። ሲወጡ ዶክተሯ ቆማ አነበበች። የጣቷ ጉዳይ እስኪፈታ ድረስ በክፍል አርባ ቃሬዛው ላይ ያለው ሟቹ አቶ ቢረሳው ነው፤ አቶ አቤኔዘር ደግሞ ቃሬዛው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ ብለዋል፤ ስለዚህ አቶ አቤኔዘር ሟች ናቸው፤ የሟች ምስክርነት አይያዝም።

«ሂሳቡ ልክ ነው» አለ አባዬ።

እኔ መጮህ ፈልጌ ነበር። ጋሽ ያብስራ ቀደመኝ። ጉሮሮውን ጠረገና ዝግ ብሎ፣ «ሟች ነው ካላችሁ የእድሩ ነው» አለ።

«እንዴት ማለት?»

«እድሩ ሟቹን በደረጃ ያወርዳል። ክፍል አርባ ላይ ታይቷል። ነገ እናወርደዋለን።»

«ነገ ዓርብ ነው» አልኩ።

«ዓርብም ማክሰኞም። ስንት ጊዜ ይወርዳል የሚለውን ድራማው አልወሰነም። ወይስ ወስኗል ዶክተር?»

የዶክተር አመለወርቅ ፊት በራ። ክፍል አርባን በዓይኗ በብረቱ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከነሟቹ ልታይ ነው። በአንድ ነገር ብቻ ጸናች፤ ሁሉም እንደ ድራማው ይሁን፣ ስምንት ሰው፣ ነጭ ጋቢ፣ ፊትና እጅ ላይ የስንዴ ዱቄት።

እንዲህ ሆኖ አባቴ ለመኖር በሳምንት ሁለት ቀን መሞት ጀመረ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የጉባኤው ጸሐፊ ዱቄቷን በጣሳ ይዛ ትመጣለች፤ ፊቱንና እጆቹን ትቀባዋለች። ስምንት እድርተኞች ያነሱታል። ታች አምቡላንስ ይጠብቃል፤ ድራማው ከበሩ ውጭ ባለው ነገር ስለማያገባው አምቡላንስ ተፈቅዷል። ከሰዓት ሲመለስ ግን ችግር ነበር፤ ሟች ደረጃ ሲወጣ በየትኛውም ክፍል አልታየም። ጋሽ ያብስራ ይህንንም ፈታው። የክፍል አርባ አንድ መግቢያ ላይ ቃሬዛው የወረደበት ትዕይንት ወደ ኋላ እየሄደ ይታያል። ስለዚህ እድርተኞቹ ቃሬዛውን ተሸክመው፣ ጀርባቸውን ለደረጃው ሰጥተው፣ ሰባት ፎቅ ወደ ኋላ እየተራመዱ ይወጣሉ። የሁሉም እድሜ ከስልሳ በላይ ነው። ጋሽ ያብስራ በኅዳር ቁርጭምጭሚቱን ወለም አለው፤ በታኅሣሥ አስሮት ይወጣ ነበር። አንድም ቀን ደከመን ሲሉ አልሰማሁም። አንዴ ብቻ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ «አቤኔዘር፣ ሰው እንዲህ ተመላልሶ አይሞትም» ሲለው ሰምቻለሁ።

አድናቂዎቹ ከየክፍለ ሀገሩ መጡ። ደረጃውን ግራና ቀኝ ይይዛሉ፤ ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ መቆሚያ የለም። እዚያ ጓንጉል የሚባል አርባ ዓመት የሚሆነው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ከንጋት ጀምሮ ቦታ ይይዛል። ሥራውን ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ትቶታል። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ በደንቡ መሠረት ቀኝ እጁን ከጋቢው አወጣለሁ፤ ሁሉም ትንፋሹን ይውጣል። ጣቷ አትንቀሳቀስም። እናልፋለን። ከኋላችን ክርክሩ ይጀመራል።

አንድ ዓርብ ዶክተር አመለወርቅ ወደ ጎን ወሰደችኝ። «ጣቷ አንዴ ብትንቀሳቀስ ምን እንደሚሆን አስበሻል?» አለችኝ። «ሟቹ ሕያው ነው ማለት ነው። ክፍል አርባ ሁለት ላይ የአቶ ቢረሳው በር ገርበብ ብሎ ይታያል። ሕያው ከሆነ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ሊቀበር የነበረ ሰው ደግሞ ሰባት ፎቅ በእግሩ አይወጣም። አሳንሰሩ ተጠግኗል ማለት ነው። ያን ቀን ፈርማለሁ።»

አሰብኩት። እኔም በነሱ አስተሳሰብ ማሰብ ጀምሬ ነበርና እንከን አላገኘሁበትም። ለአባዬ ነገርኩት። ጣት ነው፣ ቃል እንኳ አይደለም፣ ውሸት አትናገርም አልኩት። የጋሽ ያብስራን ወለምታ ጠቅሼ ለመንኩት።

«ሲያሳክከኝ አካለሁ» አለ። «ሳያሳክከኝ ካከክሁ ያው ውሸት ነው።»

ከዚያ በኋላ ስለ ጣት አላነሳሁበትም፤ አኩርፌው ነበር። ቃሬዛው አጠገብ እየሄድኩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እጁን ሳወጣ ፊቱን አላየውም።

በየካቲት አንድ ማክሰኞ ሆስፒታል ውስጥ ማሽኑ ደሙን እያጠበ እያለ ዱቄቱን በእርጥብ ጨርቅ እጠርግለት ነበር። መዳፉ ቀይ ሆኖ ተቧጭሯል።

«ዛሬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በጣም አሳከከኝ» አለ።

እጄ ቆመ። «ታዲያ ለምን አላከክህም?»

«እነሱ ቆመው እያዩ? አንድ ነገር ማለቱ ነው ይሉኛላ።»

«ዛሬ ነው የጀመረህ?»

«ሁልጊዜ ነው እንጂ። ኩላሊት የታመመ ሰው ቆዳው ያሳክከዋል፣ ሐኪሙ ነግሮኛል። ዱቄቱ ሲጨመርበት እሳት ነው። መታጠፊያውን እስክናልፍ ድረስ ጥርሴን ነክሼ እችለዋለሁ።»

መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ሳያሳክከኝ አላክም ብሎኝ፣ እያሳከከውም አላከከም። አርባ ስምንት ዓመት ለአንዲት እከክ ትርጉም ሲያበጁላት የከረሙ ሰዎች ሌላ እንዳያገኙ ነው። ሞኝ ነህ አልኩት። መዳፉን ይዤ በጥፍሬ አከክኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እሰይ፣ ትንሽ ወደ ታች» አለ። ማሽኑ እስኪያበቃ ድረስ አከክኩለት።

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። አምቡላንሱ ውስጥ ሲገባና በሩ ሲዘጋ እጁን ይዘረጋልኛል።

ሚያዝያ ውስጥ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጬው ፀጉሩን አበጥርለት ነበር። እድርተኞቹ ደረጃ ሲወጡ ድምፃቸው ይሰማል። አራተኛ ፎቅ ደርሰዋል አለኝ፤ የጋሽ ያብስራን እግር ከሌላው ለይቶ ያውቀዋል። ከዚያ ራሱ እጄ ላይ ከበደኝ። ጠራሁት። ደግሜ ጠራሁት።

ጋሽ ያብስራ ገባ፣ አንገቱን ዳሰሰው፣ አየኝ።

«ሐኪሙ ይየው» አልኩ። «አምቡላንሱ ታች ነው ያለው። ሐኪሙ ይየው።»

«እሺ ልጄ» አለ። «እናውርደው።»

ጸሐፊዋ በር ላይ ጣሳዋን ይዛ ቆማለች። ገብታ እንደወትሮው ፊቱንና እጆቹን ቀባች። ዛሬ ጥሩ ተኝተዋል አለች። አልከለከልኳትም።

ወረድን። ስድስተኛ፣ አምስተኛ፣ አራተኛ። ቀይ አንሶላው በሌለበት ቀን በረንዳው ባዶ ነው። ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሕዝቡ ጸጥ አለ፤ ጓንጉል ካሜራውን ከፍ አደረገ። እጄ በልማድ ሄዶ ቀኝ እጁን ከጋቢው አወጣ። ገና ይሞቃል። ዱቄቱ የመዳፉ መስመሮች ውስጥ ገብቷል። ይህን ሁሉ ወር እዚች ቦታ ላይ ጥርሱን ነክሶ ማለፉ ትዝ አለኝ። ስለ ሊፍት አላሰብኩም፤ ሊፍት ለማን? ያሳክከዋል ብቻ ነው ያልኩት። ጣቶቼን መዳፉ ውስጥ አስገብቼ አከክኩለት። ትንሽ ወደ ታች ይለኝ ነበርና ትንሽ ወደ ታችም አከክኩለት። ሌባ ጣቱ እጄን ተከትላ ሁለቴ ተንቀሳቀሰች።

ጩኸቱ ብሎኩን አናወጠው። ሰዎች ተቃቀፉ፤ አንዲት ሴትዮ ተንበረከከች። ዶክተር አመለወርቅ ግድግዳውን ይዛ ስታለቅስ አየኋት። ስምንቱ እድርተኞች ብቻ ቀና ሳይሉ ይሄዱ ነበር። ጋሽ ያብስራ እያነከሰ፣ «መንገድ፣ መንገድ ስጡን» ይላል።

ሐኪሙ አየው፤ ከአንድ ሰዓት በፊት አርፏል አለ።

ለጉባኤው በዚያው ቀን አሳወቅን። እስከ ሐሙስ መዝገባቸው ላይ ሟች የነበረው፣ ዓርብ ጠዋት ሕያው የሆነው ሰው፣ ዓርብ ማታ እንደገና ሟች ነው ማለት አስቸጋሪ ሆነባቸው። በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳን ውስጥ ለቅሶ ተቀምጬ፣ ጸሐፊዋ ደብዳቤ አመጣችልኝ። «የአባትዎ የአቶ አቤኔዘር ሙላቱ ሕያውነት በማያሻማ ሁኔታ የተረጋገጠ በመሆኑ ጉባኤው የተሰማውን ደስታ ይገልጻል። በዚሁ መሠረት አሳንሰሩ ተጠግኗል» ይላል። ጋሽ ያብስራ ተቀብሎ አነበበው፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ንፍሮ አቀረበላት።

ሊፍቱ በሦስት ሳምንት ተተከለ። እንደዚያ የፈጠነ ሥራ በከተማችን አላየሁም። ጣውላው በክብር ተነቅሎ ከነ«ተበላሽቷል»ው ሙዚየም ገባ። ከምድር እስከ ሰባተኛ ፎቅ አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ይፈጃል። በመጀመሪያው ሳምንት አልገባሁበትም። አንድ ማክሰኞ ግን ጉልላት የሚያህል ጎመን ተሸክሜ ስለነበር ገባሁ።

ጓንጉል ውስጥ ነበር። ሰባትን ተጫነልኝ። ሁለተኛ ፎቅን ስናልፍ ኮፍያውን አወለቀ።

«ወይዘሮ ደብሪቱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። «አጠገቡ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ጣቱ ለምን ተንቀሳቀሰች?»

«ያሳክከው ነበር» አልኩት።

ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ።

«እሺ» አለ። «ግን ምን ለማለት ነው?»

ሊፍቱ ሰባት ላይ ቆመ። ጎመኔን ይዤ ወረድኩ።